«ጥሩ ነው» ያልኩት አርማታ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቱን፣ መጠጡን፣ ቁጣዬን እዘረዝራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ መስቀል ተሳልሜ እነሳለሁ። ለእርስዎ ለማላውቅዎ አንባቢ የምናገረው ፊትዎን ስለማላየው ይሆን? ይሆናል። ፈሪ መሆኔን ከአሁኑ ይወቁልኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ መቀመጥ አቅቶኝ እነሳለሁ፣ በሩን አያለሁ፣ እመለሳለሁ።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ፣ በአንድ የግንባታ መሥሪያ ቤት የዕቃ ጥንካሬ መርማሪ ነበርኩ። በየሥራው ቦታ አርማታ ሲቦካ ጥቂቱ በብረት ሳጥን ተሞልቶ ኩብ ይሆናል። ኩቡ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሰንብቶ የእኔ መጭመቂያ መኪና ውስጥ ይገባል፤ ምን ያህል ጭነት ችሎ እንደተሰበረ አነባለሁ። ሰብሮ እውነቱን መናገር፣ እንጀራዬ ይኸው ነበር።

ወለንጪቲ ላይ የእህል መጋዘን ይሠራ ነበር። ፎርማኑ ጋሽ ገመዳ የእኔን ቃል ሳይሰሙ አርማታውን የደገፈውን እንጨት አያስነቅሉም። ሌላው ፎርማን ሰው ይልካል፤ እሳቸው ራሳቸው ይመጣሉ።

የመጋዘኑን ኩብ ጨመቅሁት። ገና ጭነቱ ሳይከብደው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ፍርካሹን በጣቴ ስበትነው ያ በስምጥ ሸለቆ አሸዋ ውስጥ የሚገኘው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው፣ አርማታን የሚያደክመው ቀላል ድንጋይ ሞልቶበታል። አሸዋውን የላከው መሥሪያ ቤታችን ነው። ቀጣዩም ኩብ ያው ሆነ።

መጋዘኑ ለአብዮት በዓል እንዲመረቅ ተወስኗል። የሥራው የበላይ ጓድ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት የሚሄዱትን የሚመርጠው እሱ ነው፤ እኔም ስሜን እንዲያስገባልኝ እመኝ ነበር። ዛሬ ሁሉን በደርግ ማላከክ ቀላል ነው። እኔን ግን ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም ሽጉጥ አልደቀነብኝም። እኔ ነኝ ከገንዳው ለድልድይ የተቦካ ጠንካራ ኩብ ያወጣሁት። እኔ ነኝ የተጻፈበትን ቀለም የፋቅሁት። እኔ ነኝ ሰብሬው ውጤቱን ለመጋዘኑ የሰጠሁት።

ጋሽ ገመዳ መጡ።

«ነጋ ጅርታ፣ ደህና ነህ ልጄ? አርማታችን እንዴት ነው? ድጋፉን ልንቀለው?»

«ጥሩ ነው ጋሼ፣ ይንቀሉት።»

መረቁኝ። አሜን አልኩ። እንዴት አፌ እሺ አለኝ?

ድጋፉ በተነቀለ ማግስት ጣሪያው ወረደ። ደጊቱ የምትባል የቀን ሠራተኛ ከሥሩ አሸዋ ትዝቅ ነበር፤ ሞተች። አርማታው ጥሩ ነው ከተባለ ጥፋቱ የማን ይሁን? ጋሽ ገመዳ በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሰው ታሰሩ። ለምስክርነት ተጠርቼ «ፈተናውን አልፏል» አልኩ። ትምህርቱ ለሌላ ሰው ሆነ። ባገኘውስ ኖሮ?

ከዓመታት በኋላ ተፈትተው ወለንጪቲ ገበያ ሽንኩርት ሲሸጡ አገኘኋቸው። ልሸሽ ስል ጠሩኝ። እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ምነው በረገሙኝ።

«ልጄ፣ አንተ ተምረሃል። አንተ ጥሩ ነው ያልከው አርማታ እኔ እጅ ላይ እንዴት ተበላሸ? የዚያች ልጅ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የቱ ጋ እንደሳትኩ ንገረኝና ልረፍ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ያን ቀን እውነቱ እኔ አፍ ላይ ነበር። ጓዱ ከተዛወረ ቆይቷል፣ ነገሩ ተረስቷል፤ ከእሳቸው ፊት በቀር የሚያስፈራኝ አልነበረም።

«ምናልባት ውሃ አብዝተውበት ይሆናል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «ይሆናል» አሉ። «እንግዲያስ እኔ ነኝ የገደልኳት።»

የመጀመሪያውን ውሸት ፍርሃት ነው፣ ምኞት ነው ልበል። ሁለተኛውን ምን እለዋለሁ? ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው ጥፋቴን የራሳቸው አድርገው ተቀብረዋል።