ሰርገኛው መርከብ

ከሚሴ ላይ አስፋልቱ ዳር ጎማ ስለጥፍ ነው የኖርሁት። ፊደል የቆጠርሁት ካገባሁ በኋላ ነው፤ ያውም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ከሥራ ወጥቼ፣ እጄ ገና ጥቁር እንደሆነ። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁት ሁሉ ሾፌሮች ጥለውልኝ የሄዱትን ነው። ጊዜው ያለፈበት ጋዜጣ ይሁን ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አልመርጥም፤ ስኳር የተጠቀለለበት ወረቀት እንኳ ሳላነበው አልጥልም። ቤቴ ውስጥ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እኔ አነባለሁ፣ ቤተሰቡ ይሰማል። መስማት የማይፈልግ ውጭ ወጥቶ መቆም ይችላል፤ ግን እራት የሚቀርበው ንባቡ ሲያልቅ ነው። ልጆቼ ይህን ሕግ አልወደዱትም። ልጅ ያልወደደውን ሁሉ የሚተው አባት ግን ምን ሊያሳድግ እንደሚችል አላውቅም።

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የተሳቢ ሾፌር ጎማው እስኪለጠፍ ሲያነበው የቆየውን ቀጭን መጽሐፍ በርጩማው ላይ ረስቶ ሄደ። መጀመሪያውም መጨረሻውም ተቀዷል። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። አትላንቲክ በሚባለው ውቅያኖስ ላይ ስንዴና ነዳጅ ጭነው ወደ እንግሊዝ አገር ስለሚሄዱ የንግድ መርከቦች ያወራል። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ትልቅ ውኃ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የጨፋን ማሳ ሲያለብስ ነው። መጽሐፉን ወደ ቤት የወሰድሁት ግን በምክንያት ነበር፤ ትልቁ ልጄ በባሕር ሊሄድ ማሰቡን ሰምቻለሁ።

በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ «በባሕር ሄደ» የተባለ ወጣት፣ ባቲ ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከጅቡቲ ጠረፍ በጀልባ ተጭኖ፣ በየመን በኩል ሳዑዲ ሊገባ የተነሳ ነው። የደረሰ አለ። ድምፁ የጠፋም አለ። ልጄ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ከእኔ ጋር ይሠራ ነበር። ሥራው ጥሩ ነው፤ ዓይኑ ግን እጁ ላይ አይቆይም። በፊታችን የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ዳገቱ እስኪሰውረው ድረስ ይሸኘዋል። አንድ ነገር እንደጎደለው አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ምንም» ይለኛል።

በመጀመሪያው ምሽት «የንግድ መርከቦቹ በአጀብ ይጓዙ ነበር» ብዬ ጀመርሁ። ትንሽ ወረድ ብዬ «በውቅያኖሱም መካከል የጠላት ሰርገኛ መርከቦች ይጠብቋቸው ነበር» ብዬ አነበብሁ።

ባለቤቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «አጀብ ነው!» አለች። «አጀቡም አለ፣ ሰርገኛውም አለ፤ ሙሽራዋስ የታለች?»

ሴት ልጄ በሻሿ አፏን ይዛ ሳቀች። ትልቁ ልጄ ተነስቶ መጣና በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ተመለከተ።

«እስቲ ያሳዩኝ፣ አባ። ሰርገኛ አይደለም እኮ፤ ሰርጓጅ ነው የሚለው። ውኃ ውስጥ ሰርጎ የሚሄድ መርከብ ነው።»

«ውኃ ውስጥ የገባ መርከብማ ሰምጧል።»

«ይሄኛው ሰምጦ ነው የሚሠራው። ከላይ ምንም አይታይም። ሲመታ ነው መኖሩ የሚታወቀው።»

ቃሉን አይቼው አላውቅም ነበር፤ የማላውቀውን በማውቀው ተክቼ አነበብሁት። ልጅ ያረመውን መቀበል አባትነትን አይቀንስም ብዬ አምናለሁ፤ ቢሆንም ያን ምሽት ንባቡን ከወትሮው ቀደም ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱ ሥራ ላይ፣ የተነፈሰ ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ነፍቼ ቀዳዳውን ለመፈለግ በርሜሉ ውኃ ውስጥ ስደፍቀው፣ ልጄ «ይኸው ሰርገኛው!» ብሎ ሳቀብኝ። ውኃው ጸጥ ብሎ ቆይቶ አረፋው ካልጠበቅሁት ቦታ ቡልቅ አለ።

ቃሉ እቤታችን ቀረ። ከሱቃችን ፊት ለፊት ሻይ ቤት እየመጣ የሚቀመጥ አንድ ደላላ ነበር፤ ሸሚዙ ነጭ ነው፣ ሽቶው መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያወራም። ከወጣቶቹ ጋር በጥግ በጥጉ ይነጋገራል። ባለቤቴ ምሳ ይዛልን ስትመጣ ታየዋለች። «ያ ሰርገኛ ዛሬም መጣ?» ትላለች። ከዚያ በኋላ ማንም በሌላ ስም አልጠራውም።

እኔ በየምሽቱ የሚያስፈራውን እየመረጥሁ አነበብሁ። አንደኛው መርከብ ሲመታ ሌሎቹ እንዳይቆሙ ታዘዋል፤ የቆመ መርከብ ቀጣዩ ተመቺ ነውና። ነዳጅ የለበሰ ባሕር ውስጥ የወደቁት ሰዎች ይጣራሉ፤ ወዳጆቻቸው የሚጣራውን እየሰሙ በአጠገባቸው ያልፋሉ። ይህን ሳነብ ባለቤቴ መሐረቧን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ ልቧ ሲነካ እንደምታደርገው በኦሮምኛ፣ «ሂንዴሚን፣ ሂንዴሚን ልጄ» አለች፤ አትሂድ ማለቷ ነው። ስለ ጉዞው ቤት ውስጥ በግልጽ ሲነሳ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ልጄ ወደ እሷ አላየም። ወደ እኔ ነው ያየው።

«እነዚህ ሰዎች ወታደሮች አይደሉም ብለዋል፣ አባ።»

«አይደሉም። የመርከብ ሠራተኞች ናቸው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ተመልሰው ይሳፈራሉ?»

«ማዶ ስንዴውን የሚጠብቅ ሕዝብ ነበራ።»

«እኛስ ቤት የሚጠብቅ የለም? እንደ እርስዎ ቢሆን አንዱም ከወደቡ አይነሳም ነበር።»

«አፍህን ያዝ!» አልሁት። «እነሱ አጀብ ነበራቸው፤ የጦር መርከብ ዙሪያቸውን ይጠብቅ ነበር። አንተን ማን ሊያጅብህ ነው? ያ ሽቶ የተርከፈከፈው?»

እህቱ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ተነስቶ ውጭ ወጣ። ያን ቀን ራቱን አልበላም፤ እኔም አልጣፈጠኝም።

ቀጥሎ ያለውን ገጽ አስቀድሜ ብቻዬን አንብቤው ስለነበር ልዘልለው አስቤ ነበር። እንዲህ ይላል፦ በአንዳንዱ ጉዞ ከመርከቦቹ ሁሉ ኋላ አንዲት ትንሽ መርከብ ትከተላለች። ሥራዋ ሌሎቹ ጥለዋቸው ያለፉትን ከውኃ ማውጣት ነው። ሌላው ሁሉ እንዳይቆም ሲታዘዝ እሷ እንድትቆም ታዛለች። ይህን ካነበብሁለት ማስፈራራቴ ይቀልላል ብዬ ሰጋሁ። ነገር ግን የሚጠቅመኝን ብቻ እየለየሁ ካነበብሁ ከደላላው በምን እለያለሁ? አነበብሁት።

ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ይድገሙት» አለኝ። ደገምሁት። ሲያልቅ ወደ መኝታው ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ማለዳ ከሱብሒ ሶላት ስመለስ መኝታው ባዶ ነበር። የጎረቤታችንም ልጅ የለም፤ እሱ ለእናቱ አንድ ነው፣ አባቱ ሞቷል፣ ከልጄ ጋር አብረው ነው ያደጉት። እናቱ በራችን ላይ ቁጭ ብላ «የእርስዎ ልጅ ነው የወሰደው» አለችኝ። ወደ ሻይ ቤቱ ሄድሁ። የደላላውም ወንበር ባዶ ነው።

የልጄ ስልክ አይሠራም። ሥራ ስሠራ ደህናውን ከመነዳሪ ለጥፌ የተበሳውን መልሼ ጎማ ውስጥ አስገባሁ፤ ሾፌሩ ቦርከናን ሳይሻገር ተመልሶ መጣብኝ። «ምን ሆነሃል፣ አባባ? ዛሬ አንተ ራስህ ተንፍሰሃል!» አለኝ። ልክ ነበር። ቁጭ ብዬ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ። ወደ ባቲ ልሂድ እላለሁ፤ አልፈው ሄደው ከሆነስ ብዬ እተወዋለሁ። ትልቅ ሰው ልቡ እግሩን ማዘዝ ሲያቅተው ማየት ያሳፍራል።

ሰኞ ጠዋት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

«አባ።»

«የት ነህ?»

«ባቲ ነኝ። ሰርገኛው ሌሎቹን ይዞ ሄደ።»

«አንተስ?»

«ጓደኛዬን ትኩሳት ይዞት መቆም አቃተው። ሰርገኛው ‹ተዉት፣ ከኋላ የሚመጣ ያነሳዋል› አለ። መኪናው ላይ ወጥቼ ነበር፣ አባ። ዞር ብዬ ባይ ከኋላችን የሚመጣ ማንም የለም።»

«ከዚያስ?»

«ወረድሁ።»

በዚያው ቀን በኮምቦልቻ በኩል ባቲ ገባሁ። የገበያ ቀን ነው፤ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ጨው ሻጩ፣ ከደጋ የወረደው ገበሬ መንገዱን ዘግቶታል። መኪና ውስጥ ሳለሁ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ታዛዥነት ነበር፤ ስለ እናት ዕንባም ነበር፤ ጥሩ ንግግር ነበር። ከግመል ተራው ጀርባ አንድ ግንብ ጥላ ሥር አገኘኋቸው። የጎረቤቴ ልጅ በልጄ ጃኬት ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። ልጄ በሸሚዙ ብቻ ነው፤ ጎኑ አንድ ጀሪካን ውኃ አለ።

በሽተኛው ቀና ብሎ አየኝና «አባባ፣ መጡ እንዴ?» አለ፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። «ሰርገኛው እኮ ሙሽራውን ጥሎ ሄደ።»

ልጄ ግን ወደ እጄ ነበር የሚያየው፤ ልመታው የመጣሁ መስሎታል። «ሊመልሱኝ ነው?» አለ።

«መጀመሪያ እሱን አንሳ» አልሁት።

ያዘጋጀሁትን ንግግር አላደረግሁም። እስካሁንም አላደረግሁትም። በሽተኛውን በግራና በቀኝ ደግፈነው በገበያው መካከል ስናልፍ ሰዉ መንገድ ይለቅልን ነበር። አንዲት ቅቤ ሻጭ «አላህ ያሽረው» አለችን። ኮምቦልቻ ላይ ሐኪም ዘንድ አገባነው፤ ወባ ነበር። ለእናቱ ስንመልስላት እኔን አልፋኝ ወደ ልጄ ሄደች። እጁን ይዛ ሳመችው።

አብረዋቸው ከነበሩት አንዱ ሳዑዲ ገብቶ ደወለ። የሌሎቹን ድምፅ ይህን እስክጽፍ ድረስ የሰማ የለም። ልጄ ይህን ከሰማ በኋላ ምግብ ትቶ ሰነበተ። ከመኪናው ወርዶ ጓደኛውን በማዳኑ እንዳይጸጸት ፈራሁ፤ ወርዶ ሌሎቹን በመተዉ ይሆን የሚያዝነው ብዬም ፈራሁ። መጠየቅ አልቻልሁም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ ከመነዳሪ እየደፈቀ ነበር። ቀና ሳይል «አባ፣ ያቺ የመጨረሻዋ መርከብ እሷ ራሷ ስትመታ ማን ነበር የሚያነሳት?» አለኝ።

ቤት ገብቼ መጽሐፉን አገላበጥሁ። ወጥቼ «ገጹ ተቀዷል፤ አላውቅም» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀ። አንድ ተሳቢ ወደ ሰሜን አለፈ፤ ዓይኑ ተከተለው።

«ከጉዞው ቀርተሃል ወይስ አልቀረህም?» አልሁት።

«ለዛሬ ቀርቻለሁ» አለና አረፋ የወጣበትን ቦታ በጣቱ ያዘው። እኔም ልጥፉን አቀበልሁት።