ሁለት ጣት የጎደለው ጎራዴ

አባቴ ጅጅጋ ውስጥ ጨርቅ የሚለካው በጎራዴ ነበር። የሚያስፈራ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ስለቱ ሰገባው ውስጥ ዝጎ ስለተጣበቀ ማንም አይቶት አያውቅም። የሱቁ የእንጨት ሜትር የተሰበረ ሰሞን ባቢሌ ላይ ከአሮጌ ብረት ሻጭ ገዛው። ከጎረቤት ሜትር ጋር አስተያይቶ ሰገባው ላይ በሞረድ ምልክት አደረገበት፤ ከጫፉ እስከ ምልክቱ አንድ ሜትር። ከዚያ ወዲያ ሌላ መለኪያ አላማረውም።

ለክቶ ሲጨርስ ጎራዴውን አቁሞ የሲሚንቶውን ወለል በጫፉ ደለቅ ያደርግና «ሜትር ሙሉ» ይላል። ደንበኛ እንዲተማመን ነው። እኔ ግን የክፍሌ ልጆች በሱቁ በር ሲያልፉ ያ ድምፅ እንዳይሰማ እጸልይ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የእንግሊዝኛ መምህራችን እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ ዕቃ መርጠን፣ የዕቃውን እንግሊዝኛ ስም፣ ትርጉሙንና የመጣበትን ከመዝገበ ቃላት አውጥተን ክፍል ፊት እንድንናገር አዘዙን። አብዛኛው ተማሪ ፔርሙስና ወንበር ላይ ተረባረበ። እኔ ማንም እንደማይደግመኝ አውቄ ጎራዴውን መረጥኩ፤ የማፍርበት ነገር ለአንድ ቀን እንኳ ያኮራኛል ብዬ።

ስሙ ሴበር ነው። ፈረሰኛ ወታደር የሚታጠቀው፣ ጎበጥ ያለ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ ጎራዴ። ለስፖርት ግጥሚያ የሚያዘው ቀለል ያለውም በዚሁ ስም ይጠራል፤ በእሱ መምታትም እንደዚያው ሴበር ይባላል። እንግሊዞች ቃሉን ከፈረንሳዮች ወሰዱ፣ ፈረንሳዮች ከጀርመኖች፣ ጀርመኖች ደግሞ ምናልባት ከሀንጋሪዎች ወይም ከፖላንዶች። ከዚያ በፊት የማን እንደነበር አይታወቅም ይላል መጽሐፉ።

ማታ ለአባቴ አነበብኩለት። ሻሽ ከዱባይ በርበራ ወደብ፣ ከበርበራ ድንበሩ ላይ ያለችው ቶጎ ውጫሌ፣ ከዚያ ጅጅጋ ሲደርስ በየእጁ ስሙ እንደሚለዋወጥ የሚያውቅ ነጋዴ ነውና በጣም ደስ አለው። ቃልም እንደ ዕቃ ይነገዳል ማለት ነው ብሎ ሳቀ። ከሁሉ ያስደነቀው ግን መጨረሻው ነበር።

«ይህን ያህል ወፍራም መጽሐፍ የማያውቀውን አላውቅም ይላል?» አለኝ። «በጣም ታማኝ ሰው ነው የጻፈው።»

በማግስቱ የጎራዴውን ሥዕል ለክፍሉ በትክክለኛ ልኩ ልሥራ ብዬ ከልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ሜትር ተውሼ ለካሁት። ከጫፉ እስከ ምልክቱ ሜትር አልሞላም። ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው፤ ሁለት ጣት ጎድሏል። ጫፉ ላይ የነበረው የነሐስ ቆብ ከሲሚንቶው ጋር ሲጋጭ ኖሮ አልቋል። አባቴ «ሜትር ሙሉ» ባለ ቁጥር ሜትሩን እየበላው ነበር።

ይህን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከአውበሬ የመጣች ወተት ሻጭ ለልጇ ሰርግ የገዛችው የድሪዕ፣ ማለትም የሶማሌ ሴቶች ሰፊ ቀሚስ፣ ጨርቅ እንደጎደለ ነግራው ነበር። በክንዷ ለክታ አሳየችው። እሱ ክንድ ከሰው ሰው ይለያያል ብሎ ጎራዴውን ደለቀባት። ጨርቋን አጣጥፋ ወጣች። አባቴ ምሳውን እስኪበላ ድረስ ሲነጫነጭ ቆየ፤ ሌባ የተባለ ያህል ነበር የተሰማው።

ዝም ልል አስቤ ነበር። አባቴ ከስሙ ሌላ የሚመካበት ነገር አልነበረውም፤ ያንን ከእጁ የምነጥቀው እኔ መሆኔ ጨነቀኝ። ግን ያ ታማኝ ያለው መጽሐፍ ከፊቴ አልጠፋ አለኝና ነገርኩት። የተዋስኩትን ሜትር ተቀብሎ ሦስት ጊዜ ለካ። ከዚያ አዲስ ምልክት ሞረደ፣ ወተት ሻጯ ከገዛችው ዓይነት ጨርቅ እንደ አዲስ ሙሉውን ቀደደ፣ በነጋታው ቅዳሜ እኔን አስከትሎ በሚኒባስ አውበሬ ወረደ።

ሴትዮዋን ገበያው ዳር ከወተት ጄሪካኖቿ ኋላ አገኘናት። አባቴ ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሰም።

«እህቴ፣ ሜትሬ ጎድሎ ነበር። አላወቅኩም። አንቺ ግን ነግረሽኝ ነበር» አለ።

ጨርቁን ተቀበለችና ከክንዷ እስከ ጣቷ ጫፍ እየዘረጋች ለካች። ቀስ ብላ፣ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። አባቴ ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ እጁን አጣምሮ ቆመ። እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

«ሙሉ ነው፣ ወላሌ» አለች። ወላሌ በሶማሊኛ ወንድሜ ማለት ነው። ሰርጉ ያለፈ ቢሆንም ለሙሽራዋ ታናሽ ይሆናል ብላ ጨርቁን አስቀመጠችና ወተት ቀዳችልን።

ስንመለስ ጅጅጋ ልንገባ ስንል አባቴ «ትምህርት ቤት ስለ ጎራዴው ስትናገሪ ይህንንም ንገሪያቸው» አለኝ። እሺ አልኩ።

ሰኞ ክፍል ፊት ቆሜ ፈረሰኞቹን፣ ፈረንሳዮቹን፣ ጀርመኖቹንና ሀንጋሪዎቹን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። ስለ ሁለቱ ጣት ግን አፍሬ ዘለልኩት። ማታ ነገርሻቸው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አዎ አልኩት፤ ደስ ብሎት ተኛ። አባቴ ካረፈ ቆየ፤ ለሌላ ሰው ስናገረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።