ቅቤ የጠጣው ሩቢ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ሶዶ

ዳሞት ተራራ ጉሙን ገና አልገለጠም። መናኸሪያው ግን ነቅቷል። ወደ ቢጠና ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል፤ ያደግኩበት ከተማ አልተለወጠም።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ የከበሩ ድንጋዮችን እየቆረጥኩ፣ እያለሰለስኩ እተዳደራለሁ። እዚህ የጠሩኝ ሳይንስ ያስተማሩኝ መምህር ዳልኬ ናቸው። ሰሞኑን ደውለው እንዲህ አሉኝ፦

"ቢጠና ከተማ ውስጥ ሶርሳ የሚባል ጓደኛ አለኝ። አንድ ድንጋይ ይዞ ሩቢ ነው ይላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'ገል ነው' እያልኩ ስቄበታለሁ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ግን ሳቄ መሮት፣ አኩርፎ ቤቴን ረግጦ አያውቅም። ናና ቁርጡን ንገረን።"

ሩቢ ከሆነ መምህሬ ሊያፍሩ ነው፤ ገል ከሆነ ደግሞ ጓደኛቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ባልጠሩኝ ብዬም ነበር።

2 ሰዓት ተኩል፤ መንገድ ላይ

አስፋልቱ አለቀ። በግራ በቀኝ እንሰት፣ እኛ ቦይና የምንለው ጎደሬ፣ የበቆሎ ማሳ፤ አፈሩ ቀይ፣ አቧራው ቀይ፣ የመምህር ነጭ ሸሚዝ ሳይቀር ቀይ።

"እስቲ ሩቢ እንዴት ይፈጠራል?" አሉኝ ከጎኔ። በዚህ ዕድሜዬም ላብ አጠመቀኝ።

"አሉሚኒየምና ኦክስጅን ነው፣ መምህር። አሉሚኒየም እዚህ አፈር ውስጥም ሞልቷል። ግን ሲሊካ፣ ያ አሸዋ የተሠራበት ነገር፣ ካገኘ ከሱ ጋር ተጣምሮ ሌላ ማዕድን ይሆናል፤ ሲሊካ ደግሞ የሌለበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሲሊካ ያነሰበት ጥግ ያስፈልጋል። ከዚያ ከመሬት በታች ከባድ ሙቀትና ጫና፣ ከዚያ ቀለሙን የሚሰጠው ጥቂት ክሮሚየም። እነዚህ ሁሉ አንድ ቦታ መገጣጠማቸው ብርቅ ነው።"

"የኛን አፈር ያቀላውስ?"

"እሱ ብረት ነው።"

"ከአሥር ዘጠኝ። ሚሊዮን ዓመታት እንደሚፈጅ ረስተሃል።"

4 ሰዓት፤ ቢጠና

ጋሽ ሶርሳ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እኔን አቅፈው በወላይትኛ "ሳሮ" ብለው ሰላም አሉኝ፤ መምህርን በዓይናቸው ብቻ አለፏቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ ትኩስ ቦይና ከዳጣ፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ ጋር አቀረቡ። ማንም በወጉ አልበላም።

ጋሽ ሶርሳ በወጣትነታቸው ቦረና ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። "ዶማዬ መታው፣ እሳት ተፋ፤ እሱ ግን አልተሰበረም። ያኔ ቀይ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ" አሉኝና በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ፈቱ።

አየሁት። ጥቁር ቡናማ፣ የተቃጠለ ድስት ቂጥ የሚመስል። 'ገል ነው' አልኩ በልቤ። መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ሸተተኝ። የቆየ ቅቤ።

"ማነው ቅቤ የቀባው?"

"እኔ ነኛ" አሉ ወይዘሮ ማርታ። "ያኔ አንድ የኦፓል ነጋዴ 'ድንጋይ ከደረቀ ይሰነጠቃል' አለው። ሶርሳ ስለሰጋ፣ በየጊዜው ቀብቼ ከምድጃው በላይ አስቀምጠዋለሁ።"

የሚደርቀው ኦፓል ነው፤ በውስጡ ውሃ አለ። ሩቢ ውሃም የለው፣ ቅቤም አይፈልግ። የሠላሳ ዓመት ቅቤና ጭስ ተጋግሮበታል፤ ያዩት ደላሎች ሁሉ በሩቁ እየናቁት ሄደዋል። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ ለመንኩ። ውሃው ሦስት ጊዜ ጠቆረ። በአራተኛው ላይ ባለ ስድስት ጎን ቀይ ነገር መዳፌ ላይ ቀረ።

ቀይ ሁሉ ሩቢ አይደለም። ከቦርሳዬ በጥንካሬ ከሩቢ ብቻ ትንሽ የሚያንስ የቶጳዝ ስባሪ አውጥቼ ጫርኩበት፤ ድንጋዩ ቶጳዙን ቧጨረው። ከጎረቤት ሱቅ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን መብራት አስመጣን፣ ሩቢ በሱ ብርሃን ይፋፋማልና መስኮቱን ዘጋን። መብራቱን የያዙት መምህር ናቸው። ድንጋዩ በጨለማው ውስጥ እንደ ፍም ቀላ።

"ሩቢ ነው" አልኩ። በሥራዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዋጋውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ጥርት ያለ ሩቢ ከአልማዝ የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ይህ ግን ውስጡ ተሰነጣጥቋል፣ ለቀለበት የሚሆነው አንድ ጥጉ ብቻ ነው። ጋሽ ሶርሳ ሳቁ።

"ልሸጠው ነው ማን አለህ? እኔ የጠየቅኩህ ስሙን ነው።"

8 ሰዓት፤ ገበያ

መምህር ዳልኬ ሳይለመኑ ቀድመውን ወጡ። ገበያው መሃል፣ የቅቤ ሻጮች ተራ ደርሰው በተዋሱት በርጩማ ላይ ቆሙ። በወላይትኛ ጀመሩ፣ ለሌላውም እንዲገባ በአማርኛ ደገሙት።

"ብዙዎቻችሁን አስተምሬያለሁ። ሳትመረምሩ አትፍረዱ ብያችኋለሁ። እኔ ግን ድንጋዩን ሳላጥብ ሠላሳ ዓመት በጓደኛዬ ላይ ፈረድኩ። የሶርሳ ድንጋይ ሩቢ ነው።"

ገበያው በእልልታ ተናጋ። ጋሽ ሶርሳ በሰው መሃል ሰንጥቀው መጡ፤ መምህርን በክንዳቸው ደግፈው ከበርጩማው አወረዱና ቀዩን ድንጋይ በመምህር መዳፍ ላይ አኖሩት።

"ይህን ሳምንት አንተ ቤት ይክረም። በደንብ እየው። የሚመጣው ቅዳሜ ቤትህ መጥቼ እወስደዋለሁ።"

መምህር ድንጋዩን በመሐረባቸው ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተን ሞተሩ ሲነሳ ወይዘሮ ማርታ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

"መምህር፣ አደራዎን፤ ቅቤ እንዳይነካው።"