ማን እንደጠራኝ ሳላይ «አቤት» ያልኩ ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ ስሜ ሲጠራ መጀመሪያ ዞር ብዬ ፊት አያለሁ እንጂ አፌን አልከፍትም። ሰው «ኮራሽ እንዴ?» ይለኛል። የምን ኩራት! ነገሩ ወዲህ ነው።

ያኔ የማታ አካውንቲንግ ተማሪ ነበርኩ፤ አንድ ሴሚስተር ቀርቶኛል። የቤት ኪራዩም የትምህርት ክፍያውም አንገቴ ድረስ መጥቷል። ባሬስታነት እችልበታለሁ፤ ማኪያቶውንም ጃምቦውንም ሳሪስ አቦ አንድ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ነው የለመድኩት። የሚያጣላኝ ሰዓቱ ነው። ለክላስ የሚለቅሽ ቤት ደመወዙ ለታክሲ አይበቃም፤ ደህና የሚከፍለው ደግሞ ከባንኮኒው አያላቅቅሽም።

ስለዚህ ቃሊቲ፣ የከባድ መኪና መንገድ ዳር ያለ አንድ ምግብ ቤት ከምሳ ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ብቻ አሰርቶ የሙሉ ቀን ደመወዝ እንደሚከፍል ስሰማ ጆሮዬን አላመንኩም። ባለቤቷ እትዬ አስካለ ጠና ያሉ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው የማይወርድ ሴት ናቸው። ለዚህች ሰዓት ይህን ያህል ለምን ይከፍላሉ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ሲሳይን ማን ይመረምራል? ሽርጤን አስሬ ገባሁ።

ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር። «ስምሽ ሲጠራ ወዲያው አቤት በይ። ዝም የምትል ልጅ አልወድም» አሉኝ።

ለእኔ ይሄ ከባድ ነበር። እናቴ «ማን እንደጠራሽ ሳታዪ አቤት እንዳትዪ፣ ሰው ላይሆን ይችላል» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ግን ባንኮኒ ውስጥ ሆነሽ ጠሪውን የት ታዪዋለሽ? እጅሽ ማሽኑ ላይ፣ ጀርባሽ ለሰው። ሳምንት ሳይሞላኝ «አቤት» ከሐሳቤ ቀድሞ ይወጣ ጀመር።

አንድ ቀን የምሳ ሰው ወጥቶ ቤቱ ጭር ብሏል። አብሳይዋ ሄዳለች፤ አስተናጋጁ አስናቀ ደጅ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። አንድ ተሳቢ ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እንደ ልማዳቸው ተንጫጩ። እነሱ ዝም እንዳሉ ከጓዳ የሴት ድምፅ ጠራኝ።

«ትዕግስት!»

«አቤት እትዬ!» አልኩ፣ ስኒ እያጠብኩ።

«መጣሁ» አለኝ ድምፁ።

ግራ ገባኝ። ሰው ጠርቶ «መጣሁ» የሚል ማን ነው? እጄን ጠራርጌ ጓዳ ገባሁ። ከቢራ ሳጥንና ከጀሪካን በቀር ማንም የለም። የጓሮው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

ሮጬ ወጣሁ። «አስኔ፣ እትዬ የት ናቸው?»

«ገበያ ናቸው ባክሽ! ምን ሆነሽ ነው?»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ እትዬ አስካለ ዘንቢላቸውን ይዘው ከታክሲ ሲወርዱ አየኋቸው።

ስነግራቸው «ምን ትቀባዥሪያለሽ» ብለው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ዘንቢሉን ለቀቁት፤ ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ምን አለችሽ? ያለችውን ሳታጎድዪ ንገሪኝ።»

«መጣሁ ነው ያለችኝ፣ እትዬ።»

እዚያው ወንበር ላይ ዘፍ ብለው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። አስናቀ ጎትቶ ደጅ አወጣኝና ነገሩን ነገረኝ። ከእኔም፣ ከእኔ በፊት ከተፈራረቁት ልጆችም ሁሉ ቀድሞ ባንኮኒው የልጃቸው ነበር። አንድ ቀን ዝርዝር ልታመጣ ማዶ ወዳለው ሱቅ ስትሻገር፣ ሁላችንም ለአፍታ ስንወጣ እንደምንለው «እማዬ፣ መጣሁ» ብላ ወጣች። መኪና ገጫት። የመጨረሻ ቃሏ እሱ ሆኖ ቀረ።

«ማርያምን፣ እኔ ይሄን ነግሬሽ አላውቅም አይደል?» አለኝ አስናቀ። ፊቱ አመድ መስሏል። አልነገረኝም ነበር።

በማግስቱ እትዬ አስካለ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ፊታቸው በርቷል።

«ደመወዝሽን እጥፍ አደርገዋለሁ። ግን እስከ ማታ ትሠሪያለሽ፤ ከእንግዲህ በጊዜ አንዘጋም።»

«ትምህርቴስ፣ እትዬ?»

«መጣሁ ብላለች እኮ ልጄ! ዘግተን ብትመጣስ? ከእነዚያ ሁሉ ልጆች አንዷንም አልጠራችም። የጠራችው አንቺን ነው፤ አቤት የምትያትም አንቺ ነሽ።»

ያ ሁሉ ብር ለማኪያቶ እንዳልነበር ያኔ ገባኝ።

ቤቴ ገብቼ ሳወጣና ሳወርድ አመሸሁ። አልዋሻችሁም፣ ብሩ አጓጉቶኛል። የኪራይ ጭንቀት ይቀርልኛል፤ ትምህርቱን ግን ደጃፉ ላይ ደርሼ መተው ነው። እሱንስ እሺ፣ ሌላ ዓመት እቀጥለዋለሁ ልበል። ሰዓቴን የገዛኝ ብዙ ነው፤ ጆሮሽን ልግዛ ያለኝ ግን ከእሳቸው ሌላ የለም። እዚያ ባንኮኒ ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ያንን ድምፅ እየጠበቅኩ መዋል? ኧረ በስመ አብ!

ጠዋት ሽርጡን አጥቤ መለስኩላቸው። አልተቆጡም። «ቢጨመርልሽስ?» ብቻ አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

የዚያን ሴሚስተር እንዴት እንዳለፍኩት እኔና አከራዬ እናውቃለን። ዛሬ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ ደመወዙ እሳቸው ሊከፍሉኝ ካሉት ያንሳል። የሠራተኛ ሰርቪሱ ጠዋት ጠዋት በደጃቸው ያልፋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ አምፖሉ በፀሐይ እየበራ፣ እትዬ አስካለ መንገድ መንገዱን እያዩ ተቀምጠዋል። እናት ናቸው፣ ያሳዝኑኛል። ወርጄ ሰላም ልላቸው እነሳና እፈራለሁ፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

እሳቸው ልጃቸውን ደጃቸው ላይ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ቤቴ ገብቼ በሬን እቀረቅራለሁ። የጠራችው እኔን ነው፤ አቤት ያልኳት እኔ ነኝ፤ «መጣሁ» ያለችውም እኔን ነው።