የልጄ ጉበት ሲለካ

ጤፍ ስሰፍር ነው የኖርሁት፤ ልኬት እንዴት እንደሚዋሽ አውቃለሁ። ቁናውን እየነቀነቁ ሲሰፍሩ አንድ ነው፣ ሳይነቀንቁ ሲሰፍሩ ሌላ ነው፤ ጤፉ ያው ጤፍ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ የልጄ ጉበት ሲለካ ያበላሸሁት እኔው ነኝ።

ልጄ አስተማሪ ናት፤ ያለችኝም እሷው ብቻ ናት። ጎኔን ጎኔን ስትል ሰንብታ አልትራሳውንድ ብትነሣ ጉበቷ ላይ ዕጢ አለ ተባለ። ክፉ ይሁን ደግ ገና አይታወቅም፣ ኤምአርአይ ያስፈልጋል አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ቁጭ ብድግ ስል እሷ ትስቅብኛለች።

«እማየ፣ የታመምሁት እኔ፣ የምታቃስቺው አንቺ!»

በቀጠሮው ቀን ከምንኖርበት ከሰባታሚት ባጃጅ ይዘን ከተማ ገባን። ዶክተሩ በዕድሜው ልጄ ሊሆን የሚችል ነው፤ ነጭ ጋውን ስለለበሰ ግን አንቱ አልሁት። ደግ ሰው ነው፣ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ።

«እናቴ፣ ይህ መሣሪያ ዕጢው ውስጥ ውሃ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በቁጥር ይለካል። ጣናን ያውቁት የለ? ገላጣው ላይ ውሃው እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል መሐል ሲገባ ግን መሄጃ ያጣል። ክፉ ዕጢ ብዙውን ጊዜ እንደ ደንገሉ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ።»

«የልጄስ ገላጣ ነው ደንገል?»

«እሱን ነው የምናየው።»

ብረት የሌለው ሰው አጠገቧ መቀመጥ ይችላል ሲሉ ቀለበቴንም ቁልፌንም አወጣሁ። መቁጠሪያየ የነሐስ መስቀል ስላለበት እሱንም ተቀበሉኝ። ልጄን ማሽኑ ውስጥ አስተኝተው፣ ጆሮየን ደፍነው በእግሯ በኩል አስቀመጡኝ።

«ትንፋሽ ይያዙ፤ እንዳይንቀሳቀሱ» አለ ከላይ አንድ ድምፅ። ወዲያው ማሽኑ ቤቱን በመዶሻ ያፈርሰው ጀመር። እኔ ደግሞ አርባ አንድ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ አደርሳለሁ ብየ ነው የገባሁ። መቁጠሪያ የለ፣ በምን ልቁጠር? የልጄ ባዶ እግር ፊቴ ተዘርግቷል። በአንድ እግዚኦ አንድ ጣቷን ጫን፣ በአንድ እግዚኦ አንድ ጣቷን ጫን። አሥሩን ስጨርስ ከአውራ ጣቷ እንደገና ጀመርሁ። እግሯ ሲንቀጠቀጥ፣ ፈራች ልጄ ብየ ጠበቅ አድርጌ ያዝሁት። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ማሽኑ ዝም አለ።

ዶክተሩ ገባና «ይህ ቁጥር አይታመንም» አለ።

ብድግ አልሁ። «ክፉ ነው ማለት ነው?»

«ክፉም ደግም አይባልም። ጉበቷ ተንቀሳቅሷል። እዚህ ጋ ስለካው ከፍ ይላል፣ ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ ስለካው ዝቅ ይላል።»

«ተነቅንቆ የተሰፈረ ቁና ነዋ! ማን ነቀነቃት?»

ልጄ ከማሽኑ ውስጥ ጮኸች። «አንቺ ነሻ! እግሬን እየኮረኮርሽ! ሳቄን ልውጥ ስል ሆዴ ሁሉ ተናወጠ!»

ዶክተሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲርገፈገፍ አይቻለሁ።

እኔን አስወጡኝ። አሁን ሁለት ጊዜ ነው የሚለካት፤ አንዴ ለክቶ፣ ከአልጋው አስነሥቶ፣ መልሶ አስተኝቶ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ቁጥሩ ይታመናል። አግዳሚው ላይ ብቻየን ስቀመጥ ነው እውነተኛው ፍርሃት የመጣው። ለካ እስካሁን በእሷ ጣቶች ተይዞ ኖሯል። ማሽኑ ግድግዳው ማዶ ሲያንኳኳ ጸሎቱ ሁሉ ጠፋኝና «አቤቱ፣ ገላጣ አድርገው» ብቻ አልሁ። ደግሜ ደጋግሜ እሱኑ አልሁ።

በመጨረሻ ዶክተሩ ወጣ፤ ልጄ ከኋላው።

«ሁለቱ ተቀራርበዋል። ውሃው በደንብ ይሄዳል፤ የቀሩት ሥዕሎችም ከዚህ ጋር ይስማማሉ። ክፉ ዓይነት አይመስልም።»

«‹አይመስልም› ነው ወይስ ‹አይደለም›?»

«እናቴ፣ በጥንቃቄ ተለክቶም ትንሽ መለያየት አይቀርም። ከሦስት ወር በኋላ መልሰን እንለካታለን።»

«እኔም አብሬ እመጣለሁ።»

«ይምጡ። እዚህ አግዳሚው ላይ።»

ባጃጁ ውስጥ «ምን ነበር ያለው?» አልኋት።

«ክፉ አይመስልም አለ።»

ገበያውን ስናልፍ እንደገና ጠየቅኋት። «ክፉ አይመስልም አለ፣ እማየ።» ሰባታሚት ልንደርስ ስንል ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኋት።

«ኧረ እማየ! ከጧት ጀምሮ ጦሜን ነኝ፣ በርሃብ ልትገድዪኝ ነው?»

«መጀመሪያ መልሺልኝ።»

«ክፉ አይመስልም አለ!»

ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ሦስቱም አንድ ሆነ። ፊቴን በነጠላየ ሸፍኜ፣ እሷ እንዳታየኝ፣ አለቀስሁ።