በወይራ የታጠነው ማጣሪያ

ዛሬ ጠዋት የዓሦቼን ማጣሪያ ፈትቼ ስፖንጆቹን ሳፋ ውስጥ ስጨምቅ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ በበሩ ብቅ አለች። «እማ፣ ቧንቧ እያለልሽ ከገንዳው በቀዳሽው ቆሻሻ ውሃ ታጥቢዋለሽ? ይሄ ደግሞ ጽዳት ነው?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ቁርጥ እናቴን! ለእሷ ማስረዳት ስጀምር ስልክ ተደወለላትና ጥላኝ ሄደች። ወሬዬን ደግሞ መሀል ላይ ማቆም አልወድም።

ያደግሁት እሪ በከንቱ ነው። አባዬ የፈረንጅ ቤተሰብ ሹፌር ነበር፤ ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የመስታወት ገንዳቸውን ከነዓሦቹ ትተውለት ሄዱ። ማጣሪያው ባልዲ የሚያክል፣ ክዳኑ የሚቆለፍ ጥቁር ጣሳ ነው። ገንዳው ሥር ተቀምጦ በአንዱ ጎማ ውሃውን ይስባል፣ በውስጡ በተደረደሩት ስፖንጆች ያሳልፈዋል፣ በሌላው ጎማ መልሶ ይተፋዋል። አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከዚያ ገንዳ ፊት የሚነሳው ለቤተክርስቲያንና ለምሳ ብቻ ሆነ። እማዬ ታዲያ «እኔን እንዲህ አፍጥጦ አይቶኝ አያውቅም» እያለች ትነጫነጭ ነበር። ቀልዷ ይመስለን ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ልጨርስ በተቃረብኩበት ዓመት አባዬን የዓይን ሞራ ጋረደው። ሁዳዴ ሲጋመስ ዓሦቹን ከውሃው ሣር መለየት አቃተው። በሕማማት ሳምንት ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል ሲገባ «ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው ዓሦቼን ነው» አለን። እማዬ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

እሱ እንደወጣ ግን ቤቱን ገለበጠችው። የፋሲካ ጽዳት ላይ የባሏ መምጣት ተጨምሮ ማን ይቻላት! መጋረጃው ወረደ፣ ምንጣፉ ተደበደበ፣ በመጨረሻም ማጣሪያው ተፈታ። ስፖንጆቹን በፈላ ውሃና በዱቄት ሳሙና አሸች፣ ደጋግማ አለቀለቀች፣ ፀሐይ ላይ አሰጣች። ጣሳውንማ ልክ እንደ ጠላ ጋን ደፍታ በወይራ አጠነችው! ቤቱ ጠላ የተጠነሰሰበት መሰለ። እኔም «እሰይ፣ ጸዳ» ብዬ መልሼ ገጠምኩላት።

ቅዳሜ ሹር ጠዋት ውሃው ሩዝ የታጠበበት መስሎ ደፍርሷል። አንዱ ዓሣ ሞቶ ተንሳፏል፤ የቀሩት አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው አየር ይለምናሉ። እማዬ አክፍላ ነበር፤ ቄጤማዋን ግንባሯ ላይ እንዳሰረች ከገንዳው ፊት ዘፍ አለች።

«ምን አጠፋሁ? አጥቤ! ማጠብ ነው ጥፋቴ?» አለች። ቀጥላም «አውቃ ገደለችብኝ ነው የሚለኝ። ቀንታ ነው የሚለኝ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። አባዬ ከሰዓት ይመጣል። እኔ ደግሞ እናቴ ስታለቅስ መቆም አልችልም፤ ነጠላዬን ነጥቄ ወጣሁ።

አፍንጮ በር እንደ አባዬ በቤቱ ዓሣ የሚያኖር ሳምሶን የሚባል ወዳጁ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ነገሩን ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ።

«በወይራ?»

«በወይራ።»

ሳቁን ለቀቀው። ልበላው ደረስኩ። «ኧረ በናትህ! ሳቅህን ለነገ አቆየውና መላ በለኝ!»

«ውሃውን የሚያጠራው እኮ ስፖንጁ ላይ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ነፍስ ነው። የዓሦቹን ቆሻሻ እሱ ነው የሚበላላቸው። እትዬ ቀቅለው ፈጁት» አለ። ከራሱ ማጣሪያ ጥቁር፣ የሚያሙለጨልጭ ስፖንጅ አወጣና ከነውሃው ፌስታል ውስጥ ከተተልኝ። «አየር ሲያጣ ይሞታል፤ እንዳትዘገዪ። ከገንዳው ግማሹን ቅጂና በርሜል ውስጥ ባደረ ውሃ ተኪው።»

የፋሲካ ዋዜማ ታክሲ ከየት ይመጣል! ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በእግሬ ሮጥኩ። መንገዱ በግ በሚጎትት፣ ዶሮ ባንጠለጠለ ሰው ተጨናንቋል፤ ከየቤቱ የቁሌት ሽታ ይወጣል። ሰው ሁሉ ዶሮውን ይዞ ይሄዳል፣ እኔ ቆሻሻዬን አቅፌ እበራለሁ። አንዲት እናት ፌስታሌን አይተው «ውይ የኔ ልጅ፣ ሥጋው ተበላሸብሽ?» አሉኝ። 

እማዬ ስፖንጁን ስታይ «በስመ አብ! ይሄን ቤቴ?» ብላ አማተበች። ከዚያ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ራሷ ጣሳው ውስጥ ጠቀጠቀችው። ውሃውን ቀየርን። ማጣሪያው ማጉረምረም ሲጀምር የግቢው በር ተንኳኳ።

አባዬ የአጎቴን ክንድ ይዞ ገባ። ሐኪሙ «ቤትዎ ገብተው ይፍቱት» ስላለው ፋሻው አልተፈታም። ውሃው ገና እንደደፈረሰ ነው። እማዬ ምን እንደነካት እንጃ፣ ነጠላዋን ዘርግታ ከገንዳው ፊት ተገተረች። አጎቴ ፋሻውን ፈታው።

አባዬ ዓይኑን አርገበገበ። ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ብርቄ፣ ፀጉርሽ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?» አላት። «ደግሞ ከስተሻል።»

«ዓሦችህን ልጨርስብህ ነበር» አለች በለቅሶ።

«ዓሦቹ ይቆዩ። ፈቀቅ አትበይ፣ ልይሽ።»

አብዛኞቹ ዓሦች ተረፉ። ውሃው ለመጥራት ጊዜ ወሰደ፤ አባዬም አልቸኮለም።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። እኔ እንደሆንኩ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ዕድሜዬ በጥድፊያ አለቀ። ከባለቤቴ ጋር ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ ፀጉሩ ምን ያህል እንደሸበተ ብትጠይቁኝ እርግጡን አልነግራችሁም። አሁን ሳሎን ሆኖ ሲያስል ይሰማኛል። እጄን ልታጠብና ሄጄ ልየው።