በመጠየቂያ ሰዓት የሚጠጣ ውሃ

ኩላሊቴን ታምሜ በተኛሁበት ሆስፒታል ሐኪሙ ያዘዘልኝ ዋናው መድኃኒት ውሃ ነበር። መርፌም ነበረኝ፣ ክንዴ ላይ የተሰካ ግሉኮስም ነበረኝ፤ እሱ ግን በየጠዋቱ አልጋዬ ግርጌ ቆሞ የሚያወራው ስለ ውሃ ብቻ ነው። «ካልጠጣሽ ኢንፌክሽኑ አይታጠብልሽም። አንዱ ኩላሊትሽ ተጎድቷል፤ ሌላውን እንዳናጣው» ይለኛል። እኔም «እሺ ዶክተር» እላለሁ። መመሪያ የማከብር ሰው ነኝ፤ መጽሐፍ ያዘገየን ተማሪ እንኳ ሳልገሥጽ አላልፍም። ይህን ትእዛዝ ግን አልፈጸምሁትም።

እግሮቼ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይታዘዙልኝም። ያደግሁት በሰው ጀርባ ላይ ነው፤ መጀመሪያ በእናቴ፣ እሷ ወደ አኼራ ከሄደች በኋላ በታናሽ ወንድሜ። ትምህርት ቤት የገባሁትም እኩዮቼ በሚዳሩበት ዕድሜ ነው፤ ወንድሜ አዝሎ ያደርሰኝና ከሕፃናት መካከል አስቀምጦኝ ይሄዳል። ዛሬ እኔ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፣ እሱ ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ጠዋት ሥራ ያደርሰኛል፣ ማታ ይመልሰኛል። ሽንት ቤት የሚያደርሰኝም እሱ ነው። መሃሉ የተቆረጠ ወንበር ጉድጓዱ ላይ ሠርቶልኛል፤ ያስቀምጠኝና ይወጣል፣ እስክጠራው ድረስ ግቢው ውስጥ ጮክ ብሎ ከራሱ ጋር ያወራል፣ የእኔን ድምፅ ላለመስማት። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ሥራ ቦታ ስውል ደግሞ ሽንቴን ይዤ እችለዋለሁ። ለበሽታው የዳረገኝም ይኸው መቻሌ ሳይሆን አይቀርም።

የተኛሁት የሴቶች ክፍል ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ለአንድ ታማሚ አንድ አስታማሚ፣ አስታማሚውም ሴት። ሴት አስታማሚ የለኝም። የወንድሜ ሚስት አራስ ናት፤ ደህና ብትሆንም እኔን ማንሳት አትችልም። የጎረቤት ልጅ መጥታ ሞክራ ነበር፣ ሁለታችንም ልንወድቅ ደርሰን ተውነው።

በመጠየቂያ ሰዓት ግን በሩ ለሁሉም ይከፈታል። በእኛ አገር የታመመን አለመጠየቅ ነውር ነው፤ የማያውቅሽም ሳይቀር «አብሽሪ፣ አላህ አፊያ ያድርግሽ» ሳይል አልጋሽን አልፎ አይሄድም። አጎት፣ አማች፣ የአማች ጎረቤት፣ ከጨፋ ወተት ይዞ የመጣው፣ ከባቲ ገበያ ሲመለስ ጎራ ያለው፣ ሁሉም ወንዶች ይገባሉ። በሽታውን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ማሽላ ዋጋ ይከራከራሉ። ሰዓቱ ሲያልቅ ጥበቃው በዱላው በሩን ይመታል፤ «ጠያቂ ውጣ! ውጣ!» መጀመሪያ የሚያስወጣውም ወንድሜን ነው፤ ስለሚዘገይ።

በመጀመሪያው ቀን ነርሷ ፖፖ አመጣችልኝ። እሷና የሌላ ታማሚ አስታማሚ ሆነው አነሱኝ። መጋረጃ የለም። ፖፖው ተንጋዶ ኖሮ አንሶላውም፣ ቀሚሴም፣ የነርሷ እጅም ራሰ። «ምንም አይደል፣ ይለመዳል» አለች ሲስተር፣ ቅር ሳይላት። ፊት ለፊቴ የተኛችው ወጣት ሙሽራ ቀስ ብላ ወደ ግድግዳ ዞረች። የምቀይረው ልብስ እስኪመጣልኝ ድረስ በነጃሳ ልብስ ተኝቼ ዋልሁ፣ ዙህርም ሳልሰግድ አለፈኝ። ከዚያ ወዲህ ፖፖ ይዘው ሲመጡ «አልመጣብኝም» እላለሁ። ውሃም የምጠጣው የመጠየቂያ ሰዓት ሊደርስ ሲል ብቻ ሆነ። ወንድሜ ወንበሬን ከቤት አምጥቶ የሆስፒታሉ ሽንት ቤት ውስጥ አስቀምጦታል፤ በሩ እንደተከፈተ ያደርሰኛል። በቀረው ጊዜ ከንፈሬን አርሳለሁ። የሚመጣልኝን ውሃ «አሁን ጠጣሁ እኮ» እያልሁ ከጎኔ ለተኙት አሮጊት አሳልፋለሁ።

እኒህ አሮጊት ጭናቸው ተሰብሮ ከጨፋ የመጡ ናቸው፤ ልጃቸው ታስታምማቸዋለች። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ኦሮምኛውንና አማርኛውን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚናገሩት፣ ሐኪሙንም ነርሷንም አንቱ አይሉም።

አንድ ጠዋት ሐኪሙ ለራውንድ መጥቶ የምርመራ ውጤቴን አየና ፊቱ ተለወጠ። «አልተሻለሽም። እንዲያውም ብሷል። ውሃ ትጠጫለሽ?»

«በደንብ እጠጣለሁ» አልሁት።

«ዋሸች!» አሉ እማማ ከአልጋቸው። «ወላሂ ዋሸች! የሷን ውሃ የምጠጣው እኔ ነኝ። ሆዴ የቦርከና ወንዝ ሆነ እኮ!»

ክፍሉ ሳቀ። ሐኪሙ አልሳቀም። «ለምን?» አለኝ። ሻሼን እስከ ቅንድቤ ሳብሁት።

«እሷን ለምን ትጠይቃለህ?» አሉ እማማ። «ሽንት ቤት ማን ያድርሳት? የሚሸከማትን ወንድሟን ውጭ ታስቀራላችሁ፣ ከዚያ ጠጪ ትሏታላችሁ። ከብት እንኳ ወንዝ ሲወርድ የሚመለስበት መንገድ ታይቶ ነው!»

ሐኪሙ ወደ ነርሷ ዞረ። «የሽንት ቱቦ ባስገባላት ሌላ ኢንፌክሽን እጨምርባታለሁ። ምን ይሻላል?»

«ፖፖ አለ ዶክተር፣ እኛም አለን፤ እሷ ናት አልመጣብኝም የምትል» አለች ሲስተር። «ወንድ ደግሞ እዚህ መዋል አይችልም። እኛ ጠልተን እንዳይመስልዎት። ሴቶቹ ናቸው የሚከሱን።»

እማማ በክርናቸው ቀና አሉ። «እናንተ ሴቶች፣ የሚከስ አለ?»

ከፊት ለፊት አልጋ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እኔ» አለች ሙሽራዋ። «አትቀየሙኝ። የተሰፋሁት ሆዴን ነው፤ ፋሻ ሲቀየርልኝ ራቁቴን ነኝ። አፍራለሁ። ባሌም ቢሰማ አይወድም።»

አልተቀየምኋትም። ዐይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር። የእሷ እፍረት ከእኔ በምን ያንሳል? እሷ እፍረቷን ተናገረች፣ እኔ የኔን በውሸት ሸፈንሁ፤ ከዚህ ሌላ ልዩነት አላየሁም። ይበልጥ ያሸማቀቀኝም ይኸው ነው፦ እኔ እንድሸና ሲባል አንዲት የታመመች ልጅ በሰው ፊት ስለ ራቁቷ ለማውራት ተገደደች።

«እንዲያ ከሆነ ቀላል ነው» አሉ እማማ። «ወንድሟን የጡት ልጅ አደርገዋለሁ! ማር አምጡልኝ። ጡቴን አጠባውና ለእኔ ልጅ፣ ለእናንተ ወንድም ይሁን። ባዳ ቀረ!»

ባዳን በማር የጡት ልጅ ማድረግ በአገራችን የኖረ ነገር ነው፤ ጠበኛ የታረቀበት፣ እንግዳ ዘመድ የሆነበት ብዙ ቤት አለ። የእማማ ልጅ ግን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «እማ! በአላህ!»

«ምን አልሁ? ደርቋል እንጂ አለ እኮ!»

«አታስቂኝ እማማ፣ ስፌቴ!» አለች ሙሽራዋ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ ሳይደርቅ።

በዚህ መሃል አንድ ድምፅ «ከሁለት ዓመት በላይ የሆነው ቢጠባ በሸሪዓ አይቆጠርም» አለ። የእኔ ድምፅ ነበር። ስሕተት ሰምቶ ማለፍ አልችልበትም።

እማማ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንተሎ! አንቺ ልጅ! ስለ ሽንትሽ ሲጠይቁሽ ድዳ፣ ሳይጠይቁሽ ቃዲ! ኪታብሽን ዝጊና ቢሻን ዱጊ! ውሃሽን ጠጪ!»

ሐኪሙ ሳይቀር ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ነገሩ በአጭር አለቀ። አልጋዬ ወደ በሩ ይጠጋል። ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ይቀመጣል። ካልተጠራ አይገባም፤ ሲጠራም «እህም» ብሎ ሴቶቹ እስኪሸፋፈኑ ይጠብቃል። ፋሻ በሚቀየርበት ጊዜ ወደ ግቢው ይወጣል። «እህም ካለ ይሁን» አለች ሙሽራዋ። ለጥበቃው ሐኪሙ ራሱ ነገረው።

«የምትጠሪው ግን አንቺ ነሽ» አለችኝ ሲስተር አልጋዬን እየገፋች። «እኛ ሥራ ላይ ነን። ጮክ ብለሽ ጥሪው።»

እፎይ ማለት ነበረብኝ። የተሰማኝ ግን ሌላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሽንቴ በጠያቂ ግርግር ተደብቆ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጠራሁት ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ለምን እንደጠራሁት ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ እማማን ለራጅ ወሰዷቸው፤ ልጃቸውም አብራ ሄደች። ከመሄዳቸው በፊት ዐይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ አንድ ጆግ አስጠጥተውኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መጣብኝ። በተከፈተው በር የወንድሜ ትከሻ ይታየኛል፤ ከጥበቃው ጋር ስለ ቤንዚን ወረፋ ያወራሉ። በስሙ ጠራሁት። አልሰማም። ሥራዬ ልጆችን ዝም ማሰኘት ነው፤ ራሴም ስናገር ኖሬ የማውቀው በሹክሹክታ ነው። ደግሜ ጠራሁት፤ ድምፄ አልጋዬን ሳያልፍ ቀረ። አንሶላውን ጨብጬ ልችለው ሞከርሁ፤ ከወገቤ በታች ቢላዋ የገባ መሰለኝ።

ሙሽራዋ ከአልጋዋ ሆና ትመለከተኝ ነበር። ነጠላዋን ወስዳ ከራሷ እስከ እግሯ ተከናነበች። ከውስጥ ሆና ያን ቀጭን ድምፅ በሙሉ አወጣችው። «ወንድምዬ! እህትህ እየጠራችህ ነው! ና!»

ወንድሜ ደንግጦ ተነሣ። በሩ ላይ ቆሞ «እህም፣ እህም» አለ፤ ከአስፈላጊው በላይ ረዘመ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ግድግዳ ዞሩ፣ ሻሽና ብርድ ልብስ ተጎተተ። እሱም ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ገብቶ አነሣኝ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ያ ዝምታ ክብር መሆኑን አውቃለሁ፤ ፊቴ ግን እስክንመለስ ድረስ ነደደ፣ ከተመለስንም በኋላ አልበረደም።

መልሶ ሲያስተኛኝ «ደህና ነሽ?» አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ስለዚህ ነገር የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። «ደህና ነኝ፣ አትራቅ» አልሁት። ሲወጣ ሙሽራዋ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። አልተያየንም። ከጆጉ ቀዳሁ፤ ብዙ ሳይቆይ እንደገና መጣራት እንዳለብኝ፣ ያኔም በራሴ ድምፅ መሆን እንዳለበት እያወቅሁ ጠጣሁት።